ጎመን ብለን የሰየምነው የራዲዮ ክበብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ የሥራ መደቤን ከኮምፒውተሯ ላይ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። “ማዘር፣ ራዲዮ ኦፕሬተር ሲባል ዲጄ ነበሩ ማለት ነው?” አለችኝ። ልትቀልድ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። በሕይወቴ ዘፈን የመረጥኩት በገዛ ሠርጌ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም የሰማኝ እንዳልነበረ ነገርኳት። “ታዲያ ምን ነበር የሚሠሩት?” አለች። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር “ረጅም ነው ልጄ” ብያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ተናደድኩ። በእሷ ሳይሆን በራሴ፤ ለምን አሳጥሬ ሄድኩ ብዬ። ስለዚህ አሁን አላሳጥርም።

አስካለ እባላለሁ። ሞባይል ከመምጣቱ በፊት ስልክ በማይደርስበት ቦታ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የመንግሥት እርሻም ይሁን የእርዳታ መጋዘን፣ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። እዚያ ውስጥ አንድ ራዲዮ፣ አንድ ወንበርና ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ሰው ይኖራል። የሚጮኸው ሰው እኔ ነበርኩ። የዘር እጥረቱ፣ የመኪናው ብልሽት፣ የሞቱና የልደቱ ወሬ ሁሉ በእኔ ጉሮሮ አልፏል። ደመወዙ ለወሬም አይበቃ። ዛሬ ሥራው ሞቷል ይሉኛል፤ አንቺ አታስፈልጊም ማለታቸው ነው። አላስፈልግ ይሆናል። እኔ የማወራው ግን ስለ ማስፈለግ አይደለም፤ ስለ ጎመን ነው።

ጎመን ጋ ከመድረሴ በፊት ጋሽ ደመቀን ላስተዋውቅ። በደርግ ጊዜ የተቀጠርኩበት የመንግሥት እርሻ ሞርስ እንድማር አዲስ አበባ ላከኝ። ሞርስ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ እየቆረጡ መላክ ነው፤ የሰው ንግግር በማይሰማበት ሁካታ ውስጥ እንኳ ሰንጥቆ ያልፋል። አስተማሪያችን የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ሰው፣ ሻምበል ባሻ ደመቀ ነበሩ። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ገበታ ሊቀርቡ ይመስል በሳሙና፣ እስከ ክርናቸው። ከዚያ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ የሞርስ መምቻውን የሸፈኑበትን ነጭ ጨርቅ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። እኛ ተማሪዎቹ ተኙ እንላለን።

“ጋሼ፣ ለምን አይጀምሩም?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።”

“የቱ ቤት?”

“ሰማዩ ነዋ። ሰው ቤት ስትገቢ የሚጫወቱ ካሉ ቆም ብለሽ ትጠብቂ የለም? ይኼም እንደዚያው ነው። ጆሮ ሳይጠግብ እጅ አይናገርም።”

ስንሳሳት አይቆጡም። በጥፍራቸው ጠረጴዛውን አንዴ ቋ ያደርጋሉ፤ ያ ቋ ግን ከጥፊ ይብስ ነበር። የእያንዳንዱ ሰው አመታት እንደ እጅ ጽሑፉ የተለየ መሆኑን ያሳዩን እሳቸው ናቸው። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይጎትታል፣ እኔ ስናደድ ረጅሙን አሳጥራለሁ። የእሳቸው አመታት ግን እንደተነፋ ጤፍ ነበር፤ ግርድ የሚባል አታገኙበትም። በሥራ ዘመኔ ብዙ እጅ ሰምቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ አልሰማሁም። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ተምሬ ወደ ቆላው እርሻ ተመለስኩ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ለየጣቢያው የራዲዮ መጠሪያ አወጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት “አንበሳ” ሆነ፤ ማሽነሪው “ነብር”፣ መስኖው “ዝሆን”። አውሬው ሲያልቅባቸው እኔን አዩና “አንቺ ደግሞ ጦጣ” አሉ። ስድብ አልነበረም፣ ድልድል ነው። ግን በየጠዋቱ “ጦጣ ጦጣ፣ አንበሳ ይጠራሻል፣ ትሰሚያለሽ?” ሲባል ቁርስ የሚበላው ሠራተኛ ሁሉ ይስቃል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና “አንበሳ አንበሳ፣ ጦጣ ዛፍ ላይ ናት፣ ቆይተህ ጥራ” ብዬ መለስኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ስም ከበላይ ሲወጣልህ ሳቁ የእነሱ ነው፤ ራስህ ስታወጣው ግን አብረህ ትስቃለህ። ይህን የተማርኩት እዚያ እርሻ ላይ ነው፤ በኋላ ጠቀመኝ።

መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ተበተነ። እኔም አዲስ አበባ መጥቼ መካኒሳ መጋዘን በነበረው አንድ የእርዳታ ድርጅት የራዲዮ ክፍል ገባሁ፤ ቤት ንፋስ ስልክ ተከራየሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጠረፍ ጣቢያችን አንዲት ነርስ ምጥ የጠናባት ሴት ይዛ ጠራችኝ። ሐኪም ጎኔ አስቀምጬ፣ እሱ ያለውን ለእሷ፣ እሷ ያለችውን ለእሱ ሳቀብል ቆየሁ፤ በመጨረሻ ልጁ ሲያለቅስ በማዳመጫዬ ሰማሁት። ሐኪሙ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጁ አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ስንዴው ጭነት የሚጠይቅ ሌላ ጣቢያ ጠራኝና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጋሽ ደመቀን ያገኘኋቸው ቴፔ ተበላሽቶ ነው። መካኒሳ፣ ከታክሲ መቆሚያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቴፕ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ አሉኝ። ገብቼ ዕቃዬን ሳስቀምጥ ሰውዬው ተነስተው እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ ጀመር፤ እስከ ክርናቸው።

“ጋሼ?” አልኩ።

ዞር አላሉም። “አስካለ፣ አሁንም ስትናደጂ ታሳጥሪያለሽ?” አሉኝ።

ሠራዊቱ ሲበተን እሳቸውም ከነሙያቸው ተበትነዋል። በገዛ እጃቸው የሠሩት መቀበያ ራዲዮ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ነበራቸው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የዓለምን ሞርስ ያዳምጣሉ። መስማትን የሚከለክል የለም። ለመናገር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ለቀድሞ ወታደር ማሰራጫ የሚፈቅድ ማን አለ? “ሰው ሲጣራ እሰማለሁ፣ አቤት ማለት ነው ያቃተኝ” አሉኝ። በዚህች ነገር ነደድኩ። እኚህ ሰው አቤት ሳይሉ አይሞቱም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መንገዱን ያገኘው ታደሰ ነው። ታደሰ ጎፋ አካባቢ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መሐንዲስ ሲሆን ደንብና መመሪያ ማንበብ የሚወድ ብርቅ ፍጡር ነበር። አማተር ራዲዮ የሚባል አለ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠራ፤ ክበብ ካቋቋምን ፈቃዱ ለክበቡ ይሰጣል፣ መምቻው ላይ የሚቀመጠውን ክበቡ ይመርጣል አለን። አራተኛችን ማርቆስ ነው፤ ከወላይታ የመጣ በያጅ፣ ጴንጤ፣ ያኔ እርሻና ጭቃ ብቻ በነበረው ለቡ ጎጆ የቀለሰ። የአንቴናውን ምሰሶ መዝሙር እየዘመረ በየደው።

ስም ማውጣቱ ከምሰሶው ይልቅ አስቸገረን። ጊዜው የምሕጻረ ቃል ጊዜ ነበር። ግንባሩም ንቅናቄውም ኅብረቱም በአራትና በአምስት ፊደል ይጠራል፤ ጋዜጣ ስትገልጡ ፊደል ገበታ የያዛችሁ ይመስላችኋል። ታደሰ መጀመሪያ ያመጣው “የደቡብ አዲስ አበባ ሕዝባዊ የራዲዮ ኅብረት” የሚል ነበር። ጋሽ ደመቀ ሳቁ። “ልጄ፣ ይኼን ስም ይዘህ አንቴና ያቆምክ እንደሆን ጫካ ልትገባ ነው የሚሉህ” አሉት። ከዚያ እርሳስ አንስተው የየሰፈራችንን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ፤ ከጎፋ ጎ፣ ከመካኒሳ መ፣ ከንፋስ ስልክ ን።

“ጎመን” አሉ። “በዚህ ስም ሥልጣን የሚይዝ የለም። ማንም አይፈራንም።”

“ለቡስ?” አለ ማርቆስ። “ምሰሶውን የበየድኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?”

“ለ የምትለዋን ስንጨምር ጎመንለ ነው የሚሆነው፤ ትርጉም የለውም” አለ ታደሰ።

ማርቆስ አሰብ አደረገና “ግዴለም፣ እኔ ዘይቱ ልሁን” አለ።

ዓለም ላይ ያለነው እብዶች እኛ ብቻ እንዳልሆንን የገባን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ደመቀ ጓዳ ተቀምጠን ማዳመጥ ስንጀምር ነው። ክበቦች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ እሳቸው እየፈቱ ይነግሩናል፣ እኛ እንስቃለን። አንድ የእንግሊዝ የጡረተኞች ክበብ የስሙ ፊደላት ሲገጣጠሙ “ማንኮራፋት” የሚል ቃል ይሰጣሉ። አንዱ የአውስትራሊያ ክበብ “በጎቹ ይበልጡናል” ይባላል፤ የሰሜን ባሕር ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ “ትልቁ አመለጠን”። የአንድ የአሜሪካ መንደር ክበብ ፊደላቱ “ጭቃ” ሆነው ሲገኙ ማርቆስ “እነዚህስ ለቡ ነው የሚገባቸው” አለ። ጋሽ ደመቀ በቁም ነገር “የሚያላግጥ ስም ያለው ሰው በመስመር ላይ ጨዋ ነው፤ ራሱን አያገዝፍማ” አሉ። እኔ ይህን ዛሬም አምንበታለሁ።

ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መሣሪያችንን የሚያይ ባለሙያ ላከልን። አቶ ጌታሁን ይባላሉ፤ ከረባት ያሰሩ፣ ገና ሲገቡ የሚቸኩሉ። እሳቸው ባሉበት አንድ ጊዜ እንድንጣራ ብቻ ተፈቅዶልናል፤ የመለሰልን ከተገኘ አለፍን። ማሰራጫችን ከአሮጌ ዕቃ የተገጣጠመ ነበርና በአንድ የሞገድ መስመር ላይ ብቻ ይሠራል፤ ወደ ሌላ መስመር ይዙር ቢባል አይዞርም። ጋሽ ደመቀ ታጠቡ፤ ሰዓታቸውን ፈቱ፤ ጨርቃቸውን አጠፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ከኋላ ቆምን።

ዝም አሉ። ቆዩ።

“ችግር አለ?” አሉ አቶ ጌታሁን።

ጋሽ ደመቀ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። “ሰው እያወራ ነው።”

“ማን?”

“አላውቃቸውም፤ በአመታታቸው ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ድምፃቸው ደካማ ነው።”

እኔም ተጨማሪውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እውነት ነበር። ከሩቅ፣ እንደ ትንኝ የቀጠነች ድምፅ፤ አንዱ ሚስቱ ሆስፒታል መግባቷን ለጓደኛው እየነገረው ነበር። የእኛ ማሰራጫ ከተከፈተ ያቺን ድምፅ ይውጣታል።

“አባባ፣ እኔ እኮ ሌላ ሥራ አለኝ” አሉ አቶ ጌታሁን። “የማያውቁት ፈረንጅ ወሬውን እስኪጨርስ ነው የሚያስቆሙኝ?”

“ማወቁ ላይ አይደለም ጌታዬ። ቀድሞን ገብቷል።”

“ዝም ብለው ይምቱት እንጂ። እኔ ፈቅጄልዎታለሁ።”

“እርስዎ ፈቅደዋል። እሱን ግን አልጠየቅነውም።”

ታደሰ ላብ አጠመቀው። ማርቆስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ይጸልያል። እኔ “ጋሼ፣ ይምቱት” የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች፣ ዋጥኳት። ሽማግሌው ወሬውን አልጨረሰም። አቶ ጌታሁን ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፤ በራፍ ላይ ለታደሰ “መሣሪያው አይሠራም፣ ሰውዬውም አይታዘዙም” አሉት። የመኪናቸው ድምፅ ከመንደሩ ሳይርቅ መስመሩ ጸዳ። ሰማዩ ባዶ ሆነ፣ የሚናገር የለም። ጋሽ ደመቀ ማዳመጫቸውን አውልቀው መምቻውን በጨርቅ ሸፈኑ፤ ያለ አቶ ጌታሁን መንካት አልተፈቀደላቸውማ።

ወደቅን። ከሱቁ ጀርባ ወጥቼ የማርቆስን ምሰሶ በእርግጫ መታሁት፤ እግሬን አመመኝ እንጂ ምሰሶው ምንም አልሆነም። ያን ቀን በማን እንደተናደድኩ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያች ከሰዓት የበለጠ የምኮራበት ቀን በሥራ ዘመኔ የለም። ሥራ የሚያውቅ ሰው በሥራው ሕግ ሲወድቅ አይቻለሁ። ቢደገም እንደገና እንወድቃለን፤ ይህን ለማንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ከሳምንት በኋላ አቶ ጌታሁን ታደሰን አስጠርተው ሁለት ነገር አሉት። ስማችሁን ወደ ቁም ነገር ቀይሩ፤ የአትክልት ስም በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ላይ አይገባም። ሁለተኛ፣ ኃላፊው አንተ ሁን፣ ዲግሪ አለህ፤ የቀድሞው ወታደር መምቻው ላይ አይቀመጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ ፈቃዱ ነገ ያልቃል። ታደሰ ይህን ይዞ ሱቁ መጣ።

“ተቀበሉ” አሉ ጋሽ ደመቀ፤ ብሎን እየፈቱ ነበር፣ ቀና አላሉም። “እኔ ጆሮ ይበቃኛል።”

“አይበቃዎትም” አልኩ። “ይብቃዎት ብንል እንኳ እኛ ይበቃል አንልም።”

“አስካለ፣ በእኔ የተነሳ እነዚህ ልጆች...”

“ክበቡ የቆመው ለማን ሆነና? ለታደሰ ነው? ታደሰ መምቻ ሲይዝ ሚስማር የሚመታ ነው የሚመስለው።”

ታደሰ ሳቀ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። እውነቱን ልናገር፣ እቀበላለሁ የሚል መስሎኝ ነበር፤ እሱም መናገር ያምረው ነበርና። “እኔ ራሴ ሄጄ አይሆንም እላቸዋለሁ” አለ በመጨረሻ። “ስሙም ጎመን ነው፣ ሰውዬውም እሳቸው ናቸው።” ማርቆስ “አሜን” አለ። ጋሽ ደመቀ የያዟት ብሎን ከእጃቸው ወደቀችና ጠረጴዛው ሥር ስንፈልጋት ቆየን።

የማይናገር የራዲዮ ክበብ ሆንን። የመካኒሳ ሰው “ዲዳው ማኅበር” ይለን ጀመር፤ ዕቁብ ነው ብሎ ሊገባ የመጣም ነበር። እኔ በየወሩ የዓመት ፈቃዴን በግማሽ ቀን እየቆረስኩ አቶ ጌታሁን ቢሮ እሄዳለሁ። ንግግራችን እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ አይለወጥም።

“ስሙን ቀየራችሁ?”

“አልቀየርንም።”

“ሰውዬውስ?”

“አሉ።”

“እንግዲያው ምን ልርዳዎት ወይዘሮ አስካለ?”

“ፈቃድ።”

ጸሐፊያቸው ስታየኝ ወንበር ታቀርብልኝ ጀመር። ክረምት መጣ፣ በጋ መጣ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ጓደኞቼ ይኼ እልህ ነው ይሉኛል። እልህ ነዋ፤ ታዲያ ሌላ ምን አለኝ? አንድ ቀን አቶ ጌታሁን ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። “እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ” አሉኝ። “ያን ቀን እውነት ሰው ነበረበት?”

“ነበረ። ሚስቱ ታማበት ለጓደኛው ይነግረው ነበር።”

“ምነው የሚስቱን ነገር ያኔ አልነገሩኝም?”

“አልጠየቁማ።”

ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። “በሉ ጎመናችሁን ብሉ” ብለው መቱት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የቸኮሉ ሰው ነበሩ።

ያኔ ግን አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። የጋሽ ደመቀ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይደብቁታል፤ ብሎን ሲወድቅባቸው “ዘይት ነክቶኝ ነው” ይላሉ። እኛም አላየንም እንላለን። የመጀመሪያው ጥሪ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ለመታጠብም፣ ሰዓታቸውን ለመፍታትም፣ ለማዳመጥም ጊዜ ወሰዱ። በዚህኛው ቀን መስመሩ ባዶ ነበር። እጃቸውን መምቻው ላይ አሳረፉ።

የወጣው ድምፅ የማውቀው አልነበረም። አጭሩ ይረዝማል፣ ረጅሙ መሐሉ ላይ ይሰበራል፤ የክበባችንን ስም ሲልኩ መ የምትለዋ ሁለት ጊዜ ተበላሽታ ሁለት ጊዜ ደገሟት። ታደሰ ወደ መስኮቱ ዞረ። ግን አንድ ስዊድናዊ መለሰ። ጥርት ባለ አመታት፣ ሆን ብሎ ቀስ እያለ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፤ “እንኳን ደህና መጣህ። ጀማሪ መሆንህ ያስታውቃል። በርታ፣ በልምምድ ይስተካከላል።”

ጋሽ ደመቀ ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ። “አዎ፣ ዛሬ ጀመርኩ ልበለው” አሉ።

“በእኔ ሞት እንዳይሉ” አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ መምቻውን ከእጃቸው ወሰድኩ። በሕይወቴ የአስተማሪዬን መምቻ ስነጥቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ተናድጄ ስለነበር ረጅሙን አሳጠርኩ፣ ግን ገባው። “አሁን የሰማኸው ሰው ጀማሪ አይደለም” አልኩት። “መምህሬ ነው። እጁ ታሟል። መናገር ተከልክሎ ቆይቶ ዛሬ ገና ተፈቀደለት።”

መስመሩ ጸጥ አለ። ሄደ ብዬ አሰብኩ። ማርቆስ ትከሻዬን ያዘኝ። ከዚያ ስዊድናዊው ተመለሰ፤ አሁን ቀስ አላለም፣ ለእኩያ በሚላክበት ፍጥነት ነበር የሚመታው። “ይቅርታ ለመምህሩ። መምቻውን መልሽለት። ጊዜ አለኝ፣ የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ።”

መለስኩላቸው። ጋሽ ደመቀ ነጩን ጨርቅ ከጉልበታቸው አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉና መልሰው አጠፉት። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው አንድ ቃል፣ ያቺን ያቃተቻቸውን አቤት፣ ላኩ፤ ተሰበረ፣ እንደገና ላኩት፣ ደረሰ። እስኪመሽ ድረስ መምቻውን ለማናችንም አልሰጡንም።